ያልተከፈተ ሳጥን

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ባለፈው ክረምት ቤታችን ውስጥ የተጠየቀ አንድ ጥያቄ ነው። ከስዊድን ለጥየቃ የመጣው የአክስቴ ልጅ ገና አረፍ ከማለቱ፣ ቡናው እንኳ ሳይፈላ፣ እናቴን "ያቺ ቀይ መኪና አለች?" አላት። እናቴ ስለ እውነተኛ መኪና የሚያወራ መስሏት "የምን መኪና ልጄ? እኛ መቼ መኪና ኖሮን ያውቃል?" ስትለው ሰውዬው (ሠላሳ አራት ዓመት ስለሞላው ሰውዬ ብለው የሚከፋው አይመስለኝም) ሁለት እጆቹን አቀራርቦ የግማሽ ዳቦ ርዝመት ለካላት። ያኔ ገባኝ። የሚጠይቀው ስለ ሌጎዋ ነበር። አክስቴ ልጆቿ ካደጉ በኋላ የተረፉ መጫወቻዎችን በፌስታል ቋጥራ፣ ሻንጣዋ ጥግ ሸጉጣ ባመጣችልን ጊዜ አብራ የመጣች፣ መሰላል ያላት የእሳት አደጋ መኪና ነች። እኔም ስፈታትና ስገጥማት ነው ያደግኩት። ለካስ አክስቴ ስትሰጠን ባለቤቱን አላስፈቀደችም!

ፌስታሉ አልጋ ሥር ተገኘ። የአክስቴ ልጅም ፍሬዎቹን ምንጣፉ ላይ ዘርግፎ መልቀም ያዘ። ቀዩን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ፣ ጎማውን ለብቻ። እየለቀመም አንድ ነገር ነገረን። ይህቺኑ መኪና ከሁለት ዓመት በፊት ስዊድን ውስጥ ከአንድ ሻጭ ገዝቷታል፤ ያውም እሽጓ ያልተፈታ፣ ሳጥኗ ያልተነካ። የከፈለውን በብር አስልቶ ሲነግራት እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "በዚህማ የእውነተኛ መኪና ጎማ ይገዛበታል!" አለች። "እና አምሮብህ ተጫወትክባት?" ብዬ ጠየቅኩት። "አልከፈትኳትም" አለኝ። "ቁም ሳጥን ውስጥ ናት።"

ይህንን ታሪክ ለዶርም ጓደኞቼ ሳወራ ሁሉም ሳቁ። "ጥጋብ ነው" ያለችም አለች። እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። አንድ የተማረ፣ ሥራ ያለው ሰው ፋብሪካው ማምረት ያቆመውን የልጆች ፕላስቲክ ለምን ያሳድዳል? አሳዶ ከያዘ በኋላስ ለምን ይቆልፍበታል? የመጀመሪያው ጥያቄ ጥሩ መልስ ያለው ይመስለኛል። በሁለተኛው ላይ ግን ከአክስቴ ልጅ ጋር እስካሁን አልተስማማንም። እስቲ ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

አስቀድሞ ስለ ሌጎ ጥቂት ልበል። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1932 ዴንማርክ ውስጥ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ያቋቋመው ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የተባለ አናጺ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ከእንጨት ነበር። ስሙም "ሌግ ጎት" ከሚሉ ሁለት የዴንማርክ ቃላት የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ "በደንብ ተጫወት" ማለት ነው። (ይህንን ትርጉም ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።) ዛሬ የምናውቀው፣ ከላይ ጉብ ጉብ ያሉ ጥርሶች፣ ከሥሩ ደግሞ የሚይዙ ቱቦዎች ያሉት የፕላስቲክ ጡብ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበለት እ.ኤ.አ. በጥር 1958 ነው። የሚገርመው ነገር በዚያ ዘመን የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ያለችግር ይገጥማል። አያትና የልጅ ልጅ ፍሬዎቻቸውን ቀላቅለው አንድ ቤት ሊሠሩ ይችላሉ ማለት ነው።

ጡቡ ባይለወጥም ሳጥኑ ግን ይለወጣል። አንድ ሳጥን፣ ማለትም ለአንድ መኪና፣ ግንብ ወይም የጠፈር መንኮራኩር የሚበቁ ፍሬዎች ከነመመሪያ ደብተራቸው፣ ብዙውን ጊዜ ሱቅ ውስጥ የሚቆየው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ምርቱ ይቋረጥና ቦታውን ለሌላ ይለቃል። ያንን ሳጥን ከዚያ በኋላ የሚፈልግ ሰው ከሌላ ሰው እጅ መግዛት ይኖርበታል። ሰብሳቢ የሚባሉት ሰዎች አደን የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ ምን ፍለጋ ነው? ብዙ ሰው ቶሎ የሚመልሰው "ገንዘብ ነዋ!" ብሎ ነው። እውነትም ለዚህ የሚጠቀሱ ምሳሌዎች ሞልተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የስታር ዋርስ ፊልም መንኮራኩር፣ 5,195 ፍሬ ያለው ትልቁ ሚሌኒየም ፋልከን፣ ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር ገደማ ነበር። ምርቱ ከተቋረጠ በኋላ ያልተከፈተ ሳጥኑ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ሲሸጥ ኖሯል። ሞስኮ የሚገኘው የከፍተኛ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎችም ከ1987 እስከ 2015 የወጡ 2,322 ሳጥኖችን የዋጋ ታሪክ አጥንተው በአማካይ በዓመት 11 በመቶ ያህል ትርፍ እንደሚያስገኙ አሳይተዋል። ይህንን የሰማ ሰው ባንክ ያለውን ብር አውጥቶ ጡብ ሊገዛ ይነሳ ይሆናል።

ቆይ ግን፣ አትቸኩሉ። አማካይ ሲባል ከላይም ከታችም ያለ አለ፤ ያው ጥናት ዋጋቸው የወደቀባቸውንም ሳጥኖች ያሳያል። ከዚህ ሌላ ፋብሪካው አንድ ቀን ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። የህንዱ ታጅ ማሃል ሌጎ እ.ኤ.አ. በ2008 በ5,922 ፍሬ ወጥቶ ምርቱ ተቋረጠ። ዋጋውም በዚያው ጣራ ነካ። በ2017 ግን ኩባንያው ያንኑ ሕንፃ በ5,923 ፍሬ (አንዲት ፍሬ ብቻ ጨምሮ!) እንደገና ሲያወጣ የአሮጌው ሳጥን ዋጋ ወዲያው ወደቀ። ፋልከንም በዚያው ዓመት 7,541 ፍሬ ያለው ታናሽ ወንድም ሲወለድለት የደረሰበት ይኸው ነው። ቁም ሳጥናቸው ውስጥ "ሀብት" ያስቀመጡ ሰዎች ያን ጠዋት ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ መስህቡ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋጋው የወደቀውን ሳጥን ሁሉም በጣለው ነበር። ነገር ግን አልጣሉትም። እንዲያውም ዋጋ ሲወርድ ደስ የሚላቸው ሰብሳቢዎች አሉ፤ ለዓመታት የተመኙትን ሊገዙ የሚችሉት ያን ጊዜ ነውና።

"እሺ፣ ብርቅ ስለሆነ ነው" የሚልም ይኖራል። ይኸኛው መልስም አያጠግበኝም። ሌፒን የሚባል የቻይና አምራች የተቋረጡ የሌጎ ሳጥኖችን ቁጭ እያደረገ እየቀዳ በርካሽ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የሻንጋይ ፖሊስ እስኪዘጋው ድረስ ታጅ ማሃሉንም ፋልከኑንም ከእሱ መግዛት ይቻል ነበር። ቅርጹ ያው ነው፣ የፍሬው ብዛትም ያው። ሰብሳቢው የሚፈልገው ቅርጹን ቢሆን ኖሮ በቅጂው ረክቶ በተቀመጠ ነበር። አልረካም። በሌላ በኩል ብርቅነት ብቻውን ቢበቃ ኖሮ የትኛውም ብርቅ ሳጥን እኩል ባስደሰተው ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ስንትና ስንት ብርቅ ግንብና መርከብ እያለ የፈለገው አንዲት ተራ የእሳት አደጋ መኪና ነው።

የሚፈለገው "ያው ራሱ" ነው። ይህንን የተረዳሁት ስለ ግራጫው ቀለም ካወቅኩ በኋላ ነው። ሌጎ እ.ኤ.አ. በ2004 የድሮውን ግራጫ ትቶ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ሌላ ግራጫ ተካው። ቡናማውንም ወደ ቀይ የሚያደላ አደረገው። ኩባንያው በጊዜው ከባድ ኪሳራ ላይ ነበርና በብዙ ነገር ላይ ለውጥ እያደረገ ነበር። እኔና እናንተ ሁለቱን ግራጫዎች ጎን ለጎን ካላስቀመጡልን አንለያቸውም። ሰብሳቢዎች ግን ያዘኑት ሐዘን! የ1980ዎቹን ግንብ በአዲሱ ግራጫ ለመጠገን የሚሞክር ሰው ጥቁር ሱሪን በሰማያዊ ክር እንደ መጥቀም ነው የሚሆንበት። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ "የድሮ ግራጫ" እየተባለ ፍሬ በፍሬ ይፈለጋል።

ይህ ሁሉ ወደ ልጅነት ይወስደናል። ሌጎ የሚወዱ አዋቂዎች በመካከላቸው "የጨለማ ዘመን" የሚሉት ነገር አላቸው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሰው አፍሮም ይሁን ሰልችቶት ጡቡን ይተዋል። ከአሥር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ደመወዝ ሲኖረው ወይም ልጅ ሲወልድ ይመለሳል። በመሀል ያለው ጊዜ ነው የጨለማ ዘመን የሚባለው። ሲመለስ ግን የሚፈልገው ሱቅ ውስጥ የለም፤ ምርቱ ቆሟል። ወይ እናቱ ለጎረቤት ሰጥታዋለች፣ ወይ ደግሞ እንደ አክስቴ በሻንጣ አዲስ አበባ ልካዋለች።

ይሁን እንጂ ናፍቆት ብቻ ነው ብንልም አይበቃም። የልጅነት ኳስም፣ አሻንጉሊትም፣ ፎቶም ይናፍቃል። የሌጎው ልዩነት ፈርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ መጀመሩ ላይ ነው። የድሮ ፎቶ ቢበዛ ታየዋለህ። የድሮ ሳጥንን ግን ትሠራዋለህ። መመሪያ ደብተሩ ያኔ የነገረህን ዛሬም በዚያው ቅደም ተከተል ይነግርሃል፤ መጀመሪያ ወለሉ፣ ቀጥሎ ጎማው፣ መጨረሻ ላይ መሰላሉ። እጅህ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለህ የሠራውን ሥራ አንድ በአንድ ይደግማል። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ የድሮ ዕቃ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ይህንን ደግሞ በዓይኔ ነው ያየሁት። የአክስቴ ልጅ ከ1996 ወዲህ የወጡ ሳጥኖችን መመሪያ ኩባንያው በነፃ ስለሚያድል በስልኩ አወረደና ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ ላይ ስልኩን እያየ ይገጥም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ማየቱን ተወው። እጁ ቀድሞ ይሄዳል። የበለጠ የገረመኝ አማርኛው ነው። ከአየር ማረፊያ ጀምሮ ሲንተባተብበት የነበረው አማርኛ እዚያ ምንጣፍ ላይ ተፈታለት። "ይህቺን ለካ እናንተ ነክሳችኋታል!" እያለ የጥርስ ምልክት ያሳየኛል። (የእኔ ጥርስ ነው፣ አልካድኩም።) መኪናዋ ስታልቅ አራት ፍሬ ጎደላት። ሁለቱ የመሰላሉ፣ አንዱ የመብራቱ፣ አንዱ የሾፌሩ ባርኔጣ። ጎዶሎዋን መኪና ይዞ ከቡና ረከቦቱ ሥር ሲነዳት እናቴም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ።

ስለ ጎደሉት ፍሬዎች ካነሳሁ አይቀር ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትምህርት የሚሆን ነገር ልጨምር። እያንዳንዱ ፍሬ ቁጥር አለው። የትኛው ፍሬ፣ በየትኛው ቀለም፣ በየትኞቹ ሳጥኖች ውስጥ፣ ስንት ስንት ሆኖ እንደወጣ ተመዝግቧል። ይህንን መዝገብ በብዛት ያጠናቀሩት ኩባንያው የቀጠራቸው ሰዎች ሳይሆኑ ተራ አፍቃሪዎች ናቸው። ብሪክሊንክ የሚባለውን ትልቁን የአሮጌ ሌጎ ገበያና መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ዳን ጄዜክ የተባለ ግለሰብ ነበር። ኩባንያው ራሱ የገዛው በ2019 ነው። ፋብሪካው የተወውን ነገር አንባቢና ተጠቃሚ መዝግቦ አቆየው ማለት ነው። እኛ ይህንን መጽሔት እንኳ ከሦስት ዓመት በፊት የወጣውን እትም ፈልጉ ብንባል የት እንደምናገኘው እንጃ። መመዝገብ ያለበት ትልቅ ነገር ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ለአንዲት የባርኔጣ ፍሬ መዝገብ የሚይዙ ሰዎች ሞኞች ናቸው ብዬ ለመሳቅ ከእንግዲህ አቅም የለኝም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ተቆለፈው ሳጥን እንምጣ። የማይከፍቱት ሰዎች መከራከሪያ አላቸው፤ በቅንነት መናገር ይኖርብኛል። አንደኛ፣ ፕላስቲኩ ዘላለማዊ አይደለም። ነጩና የድሮው ግራጫ ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። ቀይ ቡናማው በተለይ ይደርቅና ሲነካ ይሰበራል። ሳጥን ውስጥ ያለ ከብርሃን ይጠበቃል። ሁለተኛ፣ የዋጋው መወደድ ራሱ ጥቅም አለው። ዋጋ ባይኖረው ኖሮ ስንቱ ፌስታል ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ በገባ ነበር። ሦስተኛ፣ አንድ ሰው ሳይነካ ያቆየው ሳጥን ከሌለ የመጀመሪያው መልክ ምን እንደነበር በምን ይታወቃል? እነዚህን ሁሉ እቀበላለሁ። ኩባንያው ራሱ ቢሉንድ ውስጥ የድሮ ሳጥኖቹን በክብር ያስቀመጠበት ክፍል አለው። መዝገብ ቤት ይኑር፤ ማንም አይቃወምም።

ነገር ግን የእያንዳንዱ ሰው ቁም ሳጥን መዝገብ ቤት መሆን አለበት ወይ? ደግሞም መቆለፍ ጊዜን አያቆመውም። ተለጣፊዎቹ እዚያው እንደታሸጉ ሙጫቸው ይደርቃል፤ ላስቲኩ እዚያው ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ሳያይ ያረጃል፣ ይኸው ነው ልዩነቱ። አንድ ሌላ ነገር ላክል። ባለ ስምንት ጥርስ የሆኑ ስድስት ባለ አንድ ቀለም ጡቦች በ915,103,765 ዓይነት መንገድ ሊገጣጠሙ እንደሚችሉ የሒሳብ ሰዎች ቆጥረዋል። ስድስት ፍሬ ብቻ ይህንን ያህል! በታሸገ ሳጥን ውስጥ ግን አንድም አይገጠምም። "በደንብ ተጫወት" ተብሎ የተሰየመን ነገር እንዳይጫወቱበት መግዛት ለእኔ ጤፍ ገዝቶ ጆንያው ስለሚያምር አለማስፈጨት ነው።

በበኩሌ የተከፈተውን፣ የተነከሰውን፣ ፍሬ የጎደለበትን የሚፈልገውን ሰው እውነተኛ ሰብሳቢ እለዋለሁ። የጎደለውን ፈልጎ ይሞላል፣ የቆሸሸውን ያጥባል፣ ከዚያ ተቀምጦ ይሠራል። ያልተከፈተውን የሚያስቀምጠው ሰው የያዘው ዋጋ ነው፤ ዋጋ ደግሞ በታጅ ማሃሉ እንዳየነው በአንድ ጠዋት ማስታወቂያ ይወርዳል። ምንጣፍ ላይ ያየሁት ነገር ግን ዋጋ የሚያወርደው አይመስለኝም።

የአክስቴ ልጅ ወደ አገሩ ከተመለሰ ከሁለት ወር በኋላ በሰው እጅ አንዲት ፖስታ ላከልኝ። ውስጧ አራት ፍሬዎች አሉ። ከየት አገኘህ ብለው ከተለያዩ አሮጌ ፍሬ ሻጮች ለቃቅሞ መሆኑን ነገረኝ። መኪናዋ አሁን ሙሉ ናት፤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማለች። እናቴ አቧራ ስታራግፍ እሷንም ትወለውላታለች። የእሱ ግን አሁንም ቁም ሳጥን ውስጥ ናት። በስልክ በተገናኘን ቁጥር "ከፈትካት?" እለዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ስለ ዋጋዋ ነበር የሚያወራኝ። ባለፈው ግን ዝም ብሎ ቆየና "ከከፈትኳት እኮ ታልቃለች" አለኝ። ያን ጊዜ የምመልሰው አጣሁ። እንዲህ ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አሁን ግን መልስ አለኝ። አታልቅም። ስትጨርሳት ታፈርሳታለህ፣ ካፈረስካት በኋላ ከመጀመሪያው ገጽ ትጀምራለህ። እኛ ቤት ያለችው ስንት ጊዜ እንደፈረሰች ጥርሴ ምስክር ነው፤ ይኸው አለች። የአክስቴ ልጅ አማርኛ የሚያነበው ፊደል እየቆጠረ፣ ቀስ ብሎ ነው። ቢሆንም ይህ እትም ሲወጣ አንድ ቅጂ እልክለታለሁ። እዚህ መስመር ላይ እስኪደርስ ምሽቱን ሙሉ ሊፈጅበት ይችላል። ከደረስክ፣ ወንድሜ፣ እባክህ መቀሱን አምጣ።